ዱባይ ወይስ ቶሮንቶ? ከስሌቱ የጎደለው ረድፍ

ወዳጆቼ ዱባይንና ቶሮንቶን ሲያማርጡ ወረቀት ለሁለት ይከፍላሉ። በዱባይ በኩል «የገቢ ግብር የለም» ብለው ይጽፋሉ፤ በቶሮንቶ በኩል ግብር፣ ብርድና የቤት ኪራይ ይደረድራሉ። ደምረው ቀንሰው ዱባይ አሸነፈች ይላሉ። ሙያዬ ሒሳብ ነውና ድምሩ ልክ ነው። የጎደለው አንድ ረድፍ ነው፤ ሥራው ያለቀ ቀን ምን ይመጣል?

ዱባይ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። የነበርኩበት ድርጅት ክፍላችንን ሲዘጋ የቀረብኝ ደመወዝ ብቻ አልነበረም። የባለቤቴና የልጆቼ የመኖሪያ ፈቃድ በእኔ ላይ፣ የእኔ ደግሞ በአሠሪዬ ላይ የተንጠለጠለ ነበርና ለቤተሰቡ በሙሉ ቀን ይቆጠርልን ጀመር። የመኪና ብድር ስለነበረብኝ ባንኩ ሒሳቤን ያዘ። ትንሿ ልጄ እዚያው ነው የተወለደችው፤ እዚያ መወለድ ግን ዜግነት አያሰጥም። የስንብት ክፍያ በሕግ አለ፦ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን መነሻ ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ የ30። ተከፍሎኛል፣ አልዋሽም። ገንዘቡን ይዤ የት እንደምገባ የሚል አንቀጽ ግን አልነበረውም።

«ወርቃማው ቪዛስ?» የሚል አይጠፋም። አለ፤ ለአሥር ዓመት ይሰጣል፣ ከአሠሪም ያላቅቃል። በዙሪያዬ የነበርነው ነርሶችና የሒሳብ ሠራተኞች ግን ደመወዛችን አይደርስበትም ነበር።

«ኤክስፓት» የሚለው ቃልም ያናድደኛል። ከቦሌ በሚነሣው አውሮፕላን ውስጥ ኮንትራት ይዘው የሚሄዱት እህቶቻችን ስደተኞች ናቸው፣ ክራቫት ያሰረው ኤክስፓት። የእነሱን መከራ ከእኔ ጋር አላወዳድርም፤ እኔ ፓስፖርቴን ማንም ነጥቆኝ አያውቅም። ስፖንሰሩ በቃኝ ሲል ግን ክራቫቱ ማንንም አያስቀርም።

ቶሮንቶ ገነት አይደለችም። መሐንዲስ የሙያ ፈቃድ እስኪያገኝ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲሸከም አይቻለሁ፤ እኔም የመጀመሪያውን ዓመት የሰው ደረሰኝ ስለቅም ነው ያሳለፍኩት። በዚህ ዱባይ ትበልጣለች፤ በመጣሁበት ሳምንት በሙያዬ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ከአዲስ አበባም አራት ሰዓት ገደማ በረራ ናት። እናቴ ስትታመም ማታ ተነሥቼ ጠዋት አልጋዋ አጠገብ ደርሻለሁ። ከቶሮንቶ ይህ አይሞከርም፤ ይህን የሚያካክስ ነገርም እስካሁን አላገኘሁም።

ሆኖም በካናዳ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ከሥራ ቢቀነስም ነዋሪነቱ አብሮ አይሄድም። እዚህ ስቀነስ ለሥራ አጥ የሚከፈለውን ተመዝግቤ ጠበቅሁ፤ ልጆቹ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዱ። ማታ ሌላ አገር ስለመፈለግ ያወራ አልነበረም።

ያላገባ፣ ሦስት ዓመት ሠርቶ አገሩ ለመመለስ የቆረጠ ወጣት ዱባይ ይሂድ፤ ኤርፖርት ድረስ እሸኘዋለሁ። ልጆች ይዞ «እዚያ ሆኜ ቀሪውን አስብበታለሁ» ከሚለው ጋር ግን እከራከራለሁ፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። በካናዳ ቋሚ ነዋሪ በአምስት ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን ከኖረ ዜግነት መጠየቅ ይችላል። አንድ ቀን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የዱባዩን ዘጠኝ ዓመት በዚህ ቁጥር አካፈልኩት። ሦስት ጊዜ ይሞላል።