የቨርጂኒያ የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ፦ ዕጣ ከወጣበት ሳህን ይልቅ የመራጮች መዝገብ

በአሜሪካ የቨርጂኒያ ግዛት የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ የነበሩት ጄምስ አልኮርን ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 በርዕሰ ከተማዋ ሪችመንድ ከአንድ የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዕጣ አውጥተው፣ ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ የ94ኛው ምርጫ ክልል አሸናፊ መሆናቸውን ይፋ አደረጉ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያንሲና ተፎካካሪያቸው ዲሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ እያንዳንዳቸው 11 ሺህ 608 ድምጽ አግኝተው እኩል በመውጣታቸው፣ የግዛቲቱ ህግ በሚያዘው መሠረት አሸናፊው በዕጣ እንዲለይ ተደርጓል።

በወቅቱ ጉዳዩ የብዙዎችን ትኩረት የሳበው የታችኛው ምክር ቤት የበላይነት በዚያ አንድ መቀመጫ ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ነው። የቨርጂኒያ ህግ አውጪ አካል ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። አንደኛው ለአራት ዓመት የሚመረጡ 40 አባላት ያሉት የህግ መወሰኛ ምክር ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው ለሁለት ዓመት የሚመረጡ 100 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱ አመጣጥ በ1619 በጄምስታውን እስከተካሄደው ጉባዔ ድረስ ይዘልቃል። ሪፐብሊካኖች ኖቬምበር 2017 ወደተካሄደው ምርጫ የገቡት 66 መቀመጫ ይዘው ነበር። ከምርጫው ሲወጡ ዲሞክራቶች 15 መቀመጫ ወስደውባቸው፣ የያንሲን ጨምሮ 51 ብቻ ቀራቸው። ዕጣው ለሳይመንድስ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ፓርቲዎች 50 ለ50 ሆነው የአፈ ጉባዔነቱንና የኮሚቴዎቹን ሥልጣን ለመጋራት መደራደር ግድ ይሆንባቸው ነበር። ምክር ቤቱ በ1998 ተመሳሳይ የሥልጣን መጋራት ስምምነት አድርጎ እንደነበር ይታወሳል።

ወደ ዕጣው የተደረሰበት መንገድ ከዕጣው በላይ ትምህርት ሰጪ ነው። በመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲ በ10 ድምጽ ይመሩ ነበር። ዲሴምበር 19 ቀን በተካሄደው ድጋሚ ቆጠራ ሳይመንድስ በአንድ ድምጽ በለጡ። በማግስቱ ግን ከሪፐብሊካን ወገን የተመደበ አንድ የድጋሚ ቆጠራ ሠራተኛ፣ ውድቅ የተደረገ አንድ የድምጽ መስጫ ወረቀት ሊቆጠር ይገባ እንደነበር በጻፈው ደብዳቤ ምክንያት ሦስት ዳኞች ወረቀቱን መረመሩ። መራጩ የሁለቱንም ዕጩዎች ክብ አጥቁሮ፣ በሳይመንድስ ክብ ላይ ደግሞ ሰረዝ አሳርፎበታል። ዳኞቹ በወረቀቱ ላይ ያሉትን ሌሎች ምልክቶች አገናዝበው የመራጩ ፍላጎት ያንሲን መምረጥ ነው በማለት ወሰኑ። ድምጹም እኩል ሆነ።

የመገናኛ ብዙኃን በአብዛኛው ከሙዚየም በውሰት በመጣው ሳህን ላይ አተኩረው፣ ነገሩን እንደ ቁማር የቆጠሩትም ጥቂት አልነበሩም። ይሁንና ዕጣው አስቀድሞ በህግ የተደነገገ፣ በካሜራ ፊት በግልጽ የተከናወነና በ1971 በአንድ የምክር ቤቱ መቀመጫ ላይ ተግባራዊ የተደረገ ሥርዓት ነው። ሊነቀፍ የሚገባው ነገር ካለ የሚገኘው ማንም ካሜራ ባልደረሰበት ስፍራ፣ ማለትም በመራጮች መዝገብ ውስጥ ነው።

ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ሜይ 2018 ባወጣው ዘገባ፣ በ94ኛው ምርጫ ክልል ድምጽ መስጠት የነበረባቸው 26 መራጮች በስህተት በጎረቤት ምርጫ ክልል ተመዝግበው ድምጻቸውን በዚያ መስጠታቸውን አመልክቷል። አብዛኞቹ ለዲሞክራቶች ድምጽ በሚሰጥ አካባቢ የሚኖሩ ነበሩ። በእኩል ድምጽ ለተጠናቀቀ ውድድር 26 ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። ዘገባው የወጣው ያንሲ መቀመጫቸውን ከያዙ ከወራት በኋላ ስለነበር ውጤቱን የሚለውጥ ነገር አልነበረም።

በ28ኛው ምርጫ ክልልም ተመሳሳይ ችግር ታይቷል። በዚያ ሪፐብሊካኑ ቦብ ቶማስ ዲሞክራቱን ጆሹዋ ኮልን ያሸነፉት በ73 ድምጽ ልዩነት ሲሆን፣ የማይመለከታቸው ምርጫ ክልል ወረቀት የተሰጣቸው መራጮች 147 መሆናቸው ተረጋግጧል። ዲሞክራቶች ምርጫው እንዲደገም ቢጠይቁም የፌዴራል ፍርድ ቤት ጥያቄውን አልተቀበለውም።

የስህተቱ ምንጭ ሴራ ሳይሆን የዕለት ተዕለት የቢሮ ሥራ ነው። የምርጫ ክልል ድንበር አንዳንድ ጊዜ አንድን ሰፈር ለሁለት ከፍሎ ያልፋል። በየከተማውና በየካውንቲው የሚገኘው የምዝገባ ጽሕፈት ቤት የትኛው የቤት ቁጥር በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ እየለየ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባል። ድንበር በተቀየረ ቁጥር ሥራው እንደገና ይጀመራል። አንድ መንገድ በተሳሳተ ወገን ከተመዘገበ ነዋሪው ለዓመታት ሳያውቀው የማይወክለውን ሰው ሲመርጥ ይኖራል። ልዩነቱ በሺህ የሚቆጠር ሲሆን ስህተቱ ተሸፍኖ ያልፋል። ልዩነቱ ሲጠብ ግን ያገጠጠ ይሆናል።

በሌላ በኩል የግዛቲቱ የምርጫ ቦርድ በወቅቱ ያስመሰገነውን አንድ እርምጃ ወስዶ ነበር። ከምርጫው ሁለት ወራት ቀደም ብሎ ሴፕቴምበር 2017 ላይ፣ የወረቀት ማስረጃ የማያስቀሩ የኤሌክትሮኒክስ ድምጽ መስጫ መሣሪያዎች በመላ ግዛቲቱ ከአገልግሎት እንዲወጡ ወሰነ። ያለ ወረቀት ዳኞቹ የሚያገላብጡት፣ ተከራካሪዎቹም የሚሟገቱበት ማስረጃ አይኖርም።

የውጤቱ ፋይዳ በምክር ቤቱ ወንበር ላይ ብቻ አልተወሰነም። ሪፐብሊካኖች በዕጣው በተገኘው መቀመጫ አፈ ጉባዔነቱን ለኪርክ ኮክስ ቢያስገኙም፣ 15 መቀመጫ ያሳጣቸውን መራጭ ችላ ማለት አልቻሉም። ለዓመታት ሲቃወሙት የቆዩት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ዜጎች የሚሰጠው ሜዲኬይድ የተሰኘ የጤና መድን እንዲስፋፋ የሚያደርገው በጀት በተወካዮች ምክር ቤት 67 ለ31 በሆነ ድምጽ ጸደቀ። አገረ ገዥው ራልፍ ኖርዛም ጁን 2018 ፈረሙበት፤ መድኑም ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ለ400 ሺህ ገደማ ሰዎች በሩን ከፈተ። በሰሜን ቨርጂኒያ በተለይም በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩ በመሆኑ፣ የግዛቲቱ ምክር ቤት ውሳኔ ለእነርሱም የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

ከመዝገቡ ቀጥሎ ውጤትን የሚወስነው ካርታው ነው። በ2011 የተዘጋጀው የምርጫ ክልሎች ካርታ በ11 ክልሎች ጥቁር መራጮችን ያለአግባብ በዘር አከማችቷል ሲል የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁን 2018 ወሰነ። በዚሁ መሠረት የ94ኛውን ጨምሮ 25 ምርጫ ክልሎች እንደገና ተካለሉ። በሪፐብሊካኖች ይመራ የነበረው የተወካዮች ምክር ቤት ይግባኝ ቢልም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 2019 አንድ ምክር ቤት ብቻውን ግዛቲቱን ወክሎ ይግባኝ የማለት መብት የለውም በማለት መዝገቡን ዘጋው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር በተካሄደው ምርጫ ሳይመንድስ ያንሲን በሰፊ ልዩነት ሲያሸንፉ፣ ኮልም የ28ኛውን መቀመጫ አገኙ፤ ዲሞክራቶችም በ55 መቀመጫ ምክር ቤቱን ተረከቡ።

የቨርጂኒያ መራጮች ካርታ የማዘጋጀቱን ሥራ ከህግ አውጪዎች ብቸኛ እጅ የሚያወጣ የህገ መንግስት ማሻሻያ በ2020 አጽድቀዋል። ከህግ አውጪዎችና ከሌሎች ዜጎች እኩል የተውጣጣው ኮሚሽን ግን መስማማት ስላቃተው፣ ካርታውን ያዘጋጀው ዲሴምበር 2021 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። የህዝብ ቆጠራ መረጃ በመዘግየቱ በነባሩ ካርታ በተካሄደው የ2021 ምርጫ ሪፐብሊካኖች 52 ለ48 አሸንፈው ነበር። በአዲሱ ካርታ በ2023 ዲሞክራቶች 51 ለ49 መልሰው ያዙት፤ በ2025 ደግሞ ብልጫቸውን ወደ 64 መቀመጫ ከፍ አደረጉት።

በ64 መቀመጫ የተያዘ ምክር ቤት የአንድ ሰፈር የምዝገባ ስህተት አያናጋውም። በዚህ የተነሳ መዝገቡን የማጥራቱ ሥራ በእንዲህ ዓይነቱ ወቅት የሚያስታውሰው አያገኝም። የምክር ቤቱ ቀጣይ መደበኛ ምርጫ የሚካሄደው ኖቬምበር 2027 ነው።