መኪናው ስንት ይችላል?



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ዓመታት የቆጠቡ ባለትዳሮች ብዙ ጊዜ ዓይናቸው የሚያርፈው ደብል ጋቢና ፒክአፕ ላይ ነው። እሑድ ቤተሰቡን ጸሎት ቤት ያደርሳል፤ በሥራ ቀን ድንችና በርበሬ ያመላልሳል፤ ለመስቀል ደግሞ ዘመዶችን ከነጓዛቸው ከአዲስ አበባ ያመጣል። ታዲያ ባል ስለ ሞተሩ፣ ሚስት ስለ ዋጋው ይጠይቃሉ። የክብደቱ ጉዳይ ግን ሻጩ “ዐሥር ኩንታል እንደ ልቡ ይጭናል” ሲል በዚያው ይታለፋል።

ጌታ ኢየሱስ ስለ ግንብ ሠሪው እንዳስተማረው (ሉቃ. 14፥28) አስቀድመን ሒሳቡን እንሥራ። በጋቢናው በር ምሰሶ ላይ ወይም በሞተሩ ክፍል ውስጥ መኪናው ከነጭነቱ ሊደርስበት የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ አለ። ከዚህ ላይ የባዶ መኪናው ክብደት ሲቀነስ የመጫን አቅሙ ይገኛል። ልብ በሉ፤ ጋቢና ውስጥ የሚቀመጠው ሰውም ጭነት ነው።

ለምሳሌ ጠቅላላው 2,900 ኪሎ፣ ባዶው 1,900 ኪሎ ቢሆን 1,000 ኪሎ ይተርፋል። ሻጩ ያለው ዐሥር ኩንታል ይህ ነው። ነገር ግን አምስት አዋቂዎች በ70 ኪሎ ሲታሰቡ 350 ኪሎ ይወስዳሉ። በኋላ የተሠራለት የብረት ሽፋንና ፖርቶ መጋላ 100 ኪሎ ቢመዝን የሚቀረው 550 ኪሎ፣ ማለትም አምስት ኩንታል ተኩል ብቻ ነው።

“ባሊስትራ እናስጨምራለን” የሚሉ አሉ። ባሊስትራ ሲጨመር መኪናው ከኋላ አይጎብጥ ይሆናል፤ ፍሬኑ፣ አክስሉና ጎማው ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። ከወልቂጤ አልፎ ወደ ጊቤ በሚወስደው ረጅም ቁልቁለት ከመጠን በላይ የተጫነ መኪና ፍሬኑ ግሎ መያዝ ሊያቅተው ይችላል።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት፦

1. ሰሌዳውን አንብቡ፤ ሊብሬው ላይ ካለው የመጫን አቅም ጋርም አስተያዩት።

2. የመኪና ሚዛን ባለበት ወስዳችሁ ባዶውን አስመዝኑ።

3. የጎማውን የጎን ጽሑፍ እዩ። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው ቁጥር አንዱ ጎማ የሚችለውን ክብደት ያመለክታል፤ 100 ማለት 800 ኪሎ፣ 112 ማለት 1,120 ኪሎ ነው። የተለወጡት ጎማዎች ሰሌዳው ከሚያዝዘው ያነሱ እንዳይሆኑ።

እግዚአብሔር አዲስ ቤት የሚሠራ እስራኤላዊ ሰው እንዳይወድቅበት ለጣራው መከታ እንዲያበጅ አዝዞ ነበር (ዘዳ. 22፥8)። የእኛ ንብረት የሌላውን ሕይወት እንዳያጠፋ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። ለመስቀል ዘመድ “ይህችን አንዲት ኬሻ ብቻ” ሲል ይሉኝታ ይይዛል። እንግዲህ ባልና ሚስት ልኩን አስቀድማችሁ በቤታችሁ ተስማሙ፤ አንዳችሁ “ይበቃል” ስትሉ ሌላችሁ አጽኑት። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ልጆቻችሁ ናቸውና።

ጌታ መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይባርክ።