ቅጣት ስንል ምን ማለታችን ነው?

በዚህ ወር የማነሣው ጉዳይ በየቤቱ በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ተቀንሶ የሚወራ ነው። ልጅ አጥፍቶ ፖሊስ ሲይዘው ምን ይደረግ? አንዱ «ይታሰርና ልክ ይግባ!» ይላል። ሌላው «ልጅ ነው፣ ይማሩት» ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ከጭንቀት ነው።

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይባላል። በቋንቋችን «የተቀጣ ልጅ» ስንል እስር ቤት ገብቶ የወጣ ማለታችን አይደለም፤ ታላቁን የሚያከብር፣ ሥርዓት የተማረ ማለታችን ነው። አገር ቤት ልጁን በቀን የቀጣው ሰው፣ ማታ እራት የሚያበላውም እሱ ራሱ ነበር። ጎረቤትም ቢቆጣው «የማንን ልጅ ነው የምትቆጣው?» የሚል አልነበረም። ቅጣትና ማሳደግ አንድ ላይ ይሄዱ ነበር።

እዚህ አገር ስንመጣ ሁለቱ ተለያዩ። ልጁ ዕብራይስጡን ከኛ በፊት ለመደ፤ የባንኩን ደብዳቤ የሚያነብልን፣ ከሐኪም ጋር የሚያነጋግረን እሱ ሆነ። መምህሩ ስለ ልጁ የሚናገረውን የሚተረጉመው ልጁ ራሱ ከሆነ፣ የሚጠቅመውን ብቻ ቢነግረን በምን እናውቃለን? በ2000 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወላጅ ልጁን ለማስተማር ብሎ እንኳ መምታት እንደማይፈቀድለት ወሰነ። አርጩሜው ይመለስ አልልም፤ የተመታ ልጅ የሚማረው መምታትን ነው። ግን አርጩሜው ሲወሰድ በምትኩ ምን እንያዝ ብሎ ያስረዳን ሰው ጥቂት ነው። ብዙ አባቶች ያኔ ዝም አሉ። ልጅ ደግሞ ዝምታን «ግድ የለውም» ብሎ ይተረጉመዋል።

ልጅ ከመሬት ተነሥቶ ወንጀለኛ አይሆንም። መጀመሪያ ከትምህርት አንድ ቀን ይቀራል፣ ቀጥሎ ሳምንት። ቀኑን ይተኛል፣ ሌሊቱን ፓርክ ያመሻል። መጠጥ ይከተላል፤ የማናውቀው ስልክና የማናውቀው ጫማ ቤት ይገባል። ድህነትም አለበት፤ ሆኖም አብዛኛው ድሃ ልጅ አይሰርቅም። ቦርሳዋን የተነጠቀችው አሮጊት የአንዱ እናት ናት፤ የሷን እንባ ረስተን ስለ ልጃችን ብቻ ብናለቅስ ፍርድ አናውቅም ማለት ነው።

ሌላም እውነት አለ። በ2015 ወጣቶቻችን ለሰልፍ ሲወጡ የጮኹት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ በኋላ መንግሥት ያቋቋመው፣ በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በ2016 ሪፖርቱን ሲያቀርብ፣ በትውልደ ኢትዮጵያውያን ላይ ዘረኝነት እንዳለ በመንግሥት ወረቀት ላይ ጻፈ። ልጆቻችን በሕዝቡ ካላቸው ድርሻ በላይ በፖሊስ ይያዛሉ፣ ይከሰሳሉ። ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል፦ ልጆች ተቀምጠዋል፣ ፖሊስ መጥቶ መታወቂያ ይጠይቃል፣ ቃል ቃልን ይወልዳል፤ በመጨረሻ ልጁ ምንም ሳይሰርቅ «ፖሊስ ሰደበ፣ ሥራ አወከ» ተብሎ ቲክ ይከፈትበታል። ስለዚህ ልጆቻችንን «አትስረቅ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ፖሊስ ሲያስቆማቸው በእርጋታ እንዲመልሱና ቅሬታቸውን በኋላ በሕግ እንዲያቀርቡ ማስተማርም የኛ ሥራ ነው።

ታዲያ ጠንካራ ቅጣት ያስተካክላል ወይ? ይህ ክርክር የቆየ ነው። ጣሊያናዊው ቤካሪያ በ1764 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰውን ከወንጀል የሚመልሰው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን መቅረት የማይችል መሆኑና ቶሎ መምጣቱ ነው ብሎ ተከራከረ። እዚህ አገር ደግሞ የቀድሞዋ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ዳልያ ዶርነር የመሩት ኮሚቴ በ2015 ባቀረበው ሪፖርት፣ እስር ወንጀልን በመቀነስ ረገድ ጥቅሙ ትንሽ፣ ወጪው ብዙ ነው፤ አደገኛ ላልሆኑት ሌላ መንገድ ይፈለግ አለ። «ይህ ለዘብተኝነት ነው፣ የተበዳዩስ መብት?» የሚሉም አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ሰው የሚጎዳ ሰው መከልከል አለበት። የ15 ዓመት ልጅ ግን ከእስር ቤት ወጥቶ የሚመለሰው ወደኛው ሰፈር ነው። እዚያ ማንን ጓደኛ አድርጎ እንደሚመጣ ማሰብ ያስፈልጋል።

ሕጉም ልጅን እንደ ትልቅ ሰው አያይም። በ1971 የወጣው የወጣቶች ሕግ ስሙ ራሱ ከቅጣት ጎን «የእንክብካቤ መንገዶች» የሚል አለበት። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ቅጣቱ በሚወሰንበት ጊዜ 14 ዓመት ያልሞላው በመደበኛው እስራት አይፈረድበትም። የወጣቶች ፍርድ ቤት የሚያስችለው በዝግ ነው። ዳኛው ልጁ ማጥፋቱን ካረጋገጠ በኋላም ጥፋተኛ ነው የሚል ፍርድ ሳይመዘግብበት ወደ እንክብካቤ ሊመራው ይችላል። ዳኛው ስለ ልጁ የሚያነበውን ሪፖርት የሚጽፈው የወጣቶች ቃጺን ሚብሐን ነው።

እኛ የምንሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ቃጺን ሚብሐኑ «ቤት ውስጥ ማን ይከታተለዋል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ወላጅ በይሉኝታ ከቀረ ስለ ቤቱ ማን ይናገራል? «ሰው ይሰማብኛል» ብለን ገመናችንን ስንሸሽግ ልጁ ብቻውን ይቆማል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ስለዚህ ስልክ ተደውሎ «ልጅህ ፖሊስ ጣቢያ ነው» ከተባላችሁ፦

ሂዱ። ከሥራ ቅሩ፣ ግን ሂዱ። ልጁን እዚያ ሰው ፊት አትስደቡት፤ የቤቱ ቁጣ ለቤት ይቆይ።

ከጥያቄው በፊት ከጠበቃ ጋር እንዲነጋገር ጠይቁ። ገንዘብ ከሌላችሁ ሳኔጎርያ ጺቡሪት አለ።

ልጁ ካልታሰረ፣ ሕጉ ከሚያነሣቸው ልዩ ሁኔታዎች በቀር ወላጅ ሲጠየቅ መገኘት ይችላል፤ በመሀል ግን አይናገርም።

ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አስተርጓሚው ልጁ ወይም ታናሽ እህቱ አይሁኑ።

ፋይሉ ሲዘጋ በምን ምክንያት እንደተዘጋ ጠይቁ። «ጥፋት የለበትም» ተብሎ መዘጋትና «ማስረጃ አልበቃም» ተብሎ መዘጋት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው በፖሊስ መዝገብ ሊቆይ ይችላል። እንዲሰረዝ ማመልከት ይቻላልና ጠበቃውን አማክሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኒውዚላንድ በ1989 ባወጣችው ሕግ፣ ያጠፋ ልጅ ከቤተሰቡና ከተበዳዩ ጋር ተቀምጦ በደሉ እንዴት እንደሚካስ የሚመክሩበትን ስብሰባ አቋቋመች፤ መነሻው የማኦሪ ሕዝብ ልማድ ነው። እስራኤልም ይህን የመሰለ የቤተሰብ ውይይት በወጣቶች ቃጺን ሚብሐን በኩል ይዛለች። እኛ ለዚህ እንግዳ ነን እንዴ? አገር ቤት ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፤ ይክስም ነበር። በዳይ የተበዳይን ፊት ያያል፣ ስላደረገው በአፉ ይናገራል። ይህ ከብዙ እስራት ይከብዳል። ጉዳዩ ቀላል የሚመስል ቅጣት ነው ያለ ሰው አንድ ጊዜ ቢሞክረው ያውቀዋል። ተበዳዩ ፈቃደኛ ከሆነና ጉዳዩ የሚፈቅድ ከሆነ፣ «ይህ መንገድ ለልጄ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ቃጺን ሚብሐኑን ጠይቁ። ልጁ የሚያከብረው አጎት ወይም ቄስ ካለ፣ አብሯችሁ ሊገባ ይችል እንደሆነም ጠይቁ።

ዕብራይስጥ ባናውቅም ልጆቻችንን እናውቃለን። በሰንበት ማዕድ ላይ፣ ስልኩ ሳይደወል፣ «ማታ ከማን ጋር ነበርክ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም እስኪጨርስ ስሙት። የሚቀጣ ሰው ካለው፣ የሚሰማውም ሰው ያስፈልገዋል።

በሚቀጥለው ወር በደኅና ያገናኘን።