እጁ የታሰረ ሐኪም በምን ይጣራ?

ንፋስ መውጫ እንበል፤ ወገዳም መካነ ኢየሱስም ቢሆን ለውጥ የለውም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ሕፃኑ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፣ የእናቱ ደም ግን አልቆም ብሏል። ደም ከላብራቶሪ መምጣት አለበት፤ ሁለተኛ ባለሙያም ከቤቱ መጠራት አለበት። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሰው ጓንትና ጋውን ለብሷል፤ ስልክ ከነካ እጁ ቆሸሸ ማለት ነው። የሰመመን ባለሙያው የእናቲቱን ትንፋሽና የደም ግፊት ጥሎ መሄድ አይችልም። የሚቀረው “ራነር” የሚባለው ነርስ ነው። እሱም አንድ ነው። ሲደውል ክርና ፋሻ የሚያቀብል የለም፤ ለደም ሲሮጥ ስልክ የሚያነሳ የለም።

ለዚህ ችግር መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው ቮሴራ የተባለ ኩባንያ አንገት ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ መሣሪያ ሠራ። ሐኪሙ እጁን ሳያነሳ የሚፈልገውን ሰው በስሙ ይጠራል፤ መሣሪያዋ በሆስፒታሉ ዋይፋይ ታገናኘዋለች። በ2022 ስትራይከር የተባለው የሕክምና ዕቃ አምራች ኩባንያውን ወደ ሦስት ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ ገዛው።

“ኦክስጅንና መብራት በሌለበት ምን የሚሉት ቅንጦት ነው!” የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሰው በተረፈበት ሆስፒታል የሚላክ አይጠፋም፤ መጮህም ይበቃል። እያንዳንዷ ሰው የምትቆጠርበት ቦታ ነው መገናኛ የሚያስፈልገው። በአገሪቱ የጤና ሥርዓት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታሰበው። በእነዚህ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው የተጣለው እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በማስተርስ ደረጃ በሚሠለጥኑት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ትከሻ ላይ ነው። ከጎናቸው ብዙ ጊዜ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት እንደሌለ እየታወቀ ነው የሚላኩት። ሰው መጨመር ካልተቻለ፣ ያለውን ሰው ማገናኘት እንዴት ቅንጦት ይሆናል?

መነጋገር ነፍስ እንደሚያድን ደግሞ ተቆጥሮ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የቀዶ ሕክምና የማረጋገጫ ዝርዝር በስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ የሞት መጠኑ ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ነበር። ዝርዝሩ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ከሚያዘው ውስጥ ዋናው ቡድኑ ቆም ብሎ እንዲነጋገር ነው። ጤና ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 በደረሰው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ስትራቴጂው ይህንኑ ዝርዝር ተቀብሎታል። ከክፍሉ ውጭ ካለው ሰው ጋር በምን ይነጋገር የሚለው ግን ለባለሙያው የኪስ ስልክ ተትቷል። ስልኩ የራሱ፣ ካርዱም የራሱ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት ደግሞ የባለሙያዎች ስልክ የባክቴሪያ መኖሪያ ነው።

ያውም ኔትወርክ ካለ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ወራትም ቆየ። ከዚያ በፊት፣ ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ጋይንት ሲደርስ፣ የንፋስ መውጫ ሆስፒታል ተዘርፏል። ይህን ያየ አገር የሆስፒታሉን የውስጥ መገናኛ ከውጭ መስመር ጋር አስሮ መተው አልነበረበትም።

ሊታሰርም ግድ የለውም። በግቢ ውስጥ የሚሠራ ዋይፋይ ኢንተርኔት አይፈልግም። አንድ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ጥቂት ራውተሮች፣ አስቴሪስክ የሚባለው በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር፤ ላብራቶሪው፣ ማዋለጃው፣ ኦፕራሲዮን ክፍሉና የተረኞች ማደሪያው ያለ ቴሌ ይደዋወላሉ። ራውተር የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ጥቂት ዋት ስለሆነ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ይቆማል። ዎኪቶኪ ቢሆንም ከምንም ይሻላል፤ ከግቢ ውጭ የሚያድረውን ተረኛም ርቀቱ ከፈቀደ ያገኘዋል።

አንድ ነገር ግን አይዘንጋ፦ ግድግዳ ላይ ድምፅ ማጉያ መስቀል መፍትሔ አይደለም። በወገብ መርፌ የምትወልድ እናት ነቅታ ነው የምትተኛው፤ ሁሉን ትሰማለች። “ደም የለም” የሚለው መልስ በክፍሉ ውስጥ ሲያስተጋባ በመጀመሪያ የምትደነግጠው እሷ ናት። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫ ነው የሚያስፈልገው፤ ባለሙያው ከመታጠቡ በፊት ከቆቡ ሥር የሚያደርገው።

የክልሉ ጤና ቢሮም ሆነ ረጂ ድርጅቶች ለቀዶ ሕክምና ክፍል ዕቃ ሲገዙ አልጋውን፣ የጣሪያ መብራቱንና የሰመመን ማሽኑን በዝርዝር ይጽፋሉ። የሚቀጥለው የግዢ ዝርዝር ላይ አንድ መስመር ይጨመር። ዋጋው ከሰመመን ማሽኑ ጋር የሚወዳደር አይደለም። እስከዚያው ድረስ ማታ ማታ ራነሩ ሁለት ቢሆን፣ እሱም አንድ መልስ ነው።