ከብት የማያቋርጠው መንገድ

የራሊ ጌም ወዳጆች የአፍሪካውን መንገድ ሲያወድሱ ሁሌም የሚያነሱት ነፃነቱን ነው፤ ቀይ አቧራ፣ ግራር፣ እስከ አድማስ የተዘረጋ ሜዳ፣ ነዳጅ ሰጥቶ መብረር። «አርት ኦፍ ራሊ» የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ2021 የጨመረው ኬንያም ገና ሲከፈት ይህንኑ ያቀርባል። መኪናው ለእጅ ይታዘዛል፣ ኩርባ ላይ ሲንሸራተት ልብ ይሰቅላል፣ ቀለሙም ያምራል። እኔን ያስከፋኝ በመንገዱ የሚሄድ ሰው አለመኖሩ ነው። ያለው ሰው ዳር ቆሞ ውድድር የሚያይ ተመልካች ነው። ገበያ የሚወርድ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ መንጋ የሚነዳ የለም።

«አርኬድ ነው፣ እውነተኛነት አትጠብቅ» የሚሉኝ አሉ። መኪናው ከእውነተኛው ይልቅ ቢቀል አልቃወምም። ግን ለአፈሩና ለብርሃኑ ያን ያህል የተጨነቀ ጌም ነዋሪውን ሲያስቀር፣ ያ ምርጫ እንጂ የአርኬድ ባሕርይ አይደለም።

በእኛ አገር ከነጌሌ ቦረና ወደ ፊልቱ ወይም ከያቤሎ ወደ ሞያሌ የሚነዳ ሹፌር ከኩርባው ይልቅ የሚጠነቀቀው ለከብቱ ነው። ፍየል ክላክስ ስትሰማ ትበታተናለች፤ ግመል ግን ከቁብ አይቆጥረውም፤ አህያ መሀል መንገድ ላይ ተገትራ ትቀራለች። ጥጃው ከተሻገረ ላሚቱ መከተሏ አይቀርም። ከፍየሎቹ ኋላ ደግሞ ዱላ የያዘ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ጥሩ ሹፌር ልጁ ሳይታየው ገና ፍሬን የሚይዘው ለዚህ ነው። በያቤሎና በሜጋ መካከል ያለችው ዱብሉቅ፣ ቦረናዎች ቱላ ከሚሏቸው ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች መገኛዎች አንዷ ናት። ማን መቼ እንደሚያጠጣ አባ ሄሬጋ የሚባለው ኃላፊ ተራውን ያስይዛል። በበጋ ተራው የደረሰ መንጋ ወደ ጉድጓዱ ሲያመራ አይሱዙም አውቶቡስም ቆሞ ያሳልፈዋል። ይህ ሁሉ የመንዳት ችሎታ ነው፤ ጌሞቻችን ግን ነጥብ አይሰጡበትም።

እውነተኛው የኬንያ ውድድርም ቢሆን እንደ ጌሙ ባዶ አልነበረም። ለንግሥት ኤልሳቤጥ ንግሥና መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው ሳፋሪ ራሊ ለአሥርት ዓመታት የተካሄደው ለሌላው ተጓዥ ባልተዘጋ መንገድ ነው። መኪኖቹ ከፊታቸው የብረት መከላከያ ይታሰርላቸው ነበር። በኋላ ሄሊኮፕተር ከላይ እየቀደመ ከፊት እንስሳ ወይም መኪና ካለ ለነጂው በሬዲዮ ይነግረው ነበር። እንግዲህ ታሪኩን የሚያከብር ጌም መንጋውን ለምን ይሰርዘዋል?

ነገሩ የጨዋታ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ቆላውን ባለቤት አልባ አድርጎ ማየት በእኛም አገር ሕግ ሆኖ ኖሯል፤ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የግጦሽ መሬትን ከመንግሥት ንብረት ቆጥሮታል። አርብቶ አደሩ ዝናብ ተከትሎ ለጊዜው የለቀቀው ሜዳ «ባዶ» እየተባለ ስንት ጊዜ ለሌላ ተሰጥቷል! አሁን ደግሞ የነጌሌ ወጣት ጌም ቤት ገብቶ የገዛ አገሩን የመሰለ መሬት ሲያይ፣ አጎቱና ግመሎቹ የሌሉበት የመኪና መፈንጫ ሆኖ ያገኘዋል።

የጌም ሠሪዎች ሥራ እዚህ ላይ ከባድ አይደለም። ሰዓቱ እየቆጠረ መንጋ ይሻገር፤ አቧራውን ከሩቅ አይቶ በጊዜ ያዘገመ ነጂ ይቅደም፣ በክላክስ ሊበትናቸው የሞከረ ደቂቃ ይቀጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ጌም መሥራት የጀመሩ ወጣቶች አሉና ይህን ከውጭ ሰው መጠበቅ የለብንም፤ የመጀመሪያውን መንገድ ከያቤሎ እስከ ዱብሉቅ ይሥሩልን።