ካርታ ቤት አያቆምም



በመስከረም 2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የጀመረው የመሬት መንቀጥቀጥ በታኅሣሥ በርትቶ አዲስ አበባ ድረስ አልጋችንን ሲነቀንቅ ብዙዎቻችን በሌሊት ከቤት ወጥተናል። ያን ሌሊት ያልተሳለ አልነበረም። ዛሬ ግን ተረስቷል። ለምድር ቤት በተጣለ መሠረት ላይ ሁለት ፎቅ እየተደረበ ነው። ስንጠይቅ መልሱ፣ «አዲስ አበባ በካርታው መካከለኛ ናት፤ አደጋው የአዋሽ ነው» የሚል ነው።

ይህን አባባል አጥብቀን እንቃወማለን።

አንደኛ፣ ካርታው ራሱ ተለውጧል። በፈረንጅ 1995 የወጣው የሕንፃ ደንብ ለአዲስ አበባ የመሬቱን ንቅናቄ ከስበት ኃይል 5 ከመቶ አድርጎ ገምቶ ነበር። የ2015ቱ ደንብ 10 ከመቶ አደረሰው። የቀድሞው ስሌት የ100 ዓመት፣ የኋለኛው የ475 ዓመት ነውና። እንግዲህ «በደንቡ ሠርቻለሁ» የሚል ሰው፣ በየትኛው ደንብ?

ሁለተኛ፣ ካርታ አገርን እንጂ የእያንዳንዱን ግቢ አፈር አያሳይም። ወንዝ ዳር በተደለደለ ልል አፈር ላይ ያለ ቤት አለት ላይ ካለው ይበልጥ ይናጣል።

ሦስተኛ፣ የምንኖረው ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በደሴ መንገድ ባለችው ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሰ። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የአፋሯ ሰርዶ ፈረሰች። ባለፈው የእኛ ቤት ያልወደቀው መነሻው ርቆ ስለነበር እንጂ በቤታችን ጥንካሬ አይደለም።

«የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል?» የሚሉም አሉ። መንቀጥቀጡ የእግዜር ይሁን፤ ከኮለኑ ላይ ስታፋ የቀነሰው ግን ሰው ነው። ፎቅ ለመደረብ ገንዘብ ያለው ለመሐንዲስ አጣሁ ቢለን አንሰማም። ደግሞም ፎቅ ሲወድቅ በባለቤቱ ላይ ብቻ አይወድቅም፤ አጥር የምንጋራ ሰዎች ነን።

ስለሆነም፦

1. መሠረቱን መሐንዲስ ሳያይ ማንም ፎቅ አይደርብ።
2. አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፌሮውና ስታፋው ይታይ፤ በተለይ ኮለንና ቢም በሚገናኙበት ቦታ ስታፋው ይጥበቅ።
3. ከኮለን ጋር ያልታሰረ የብሎኬት ግድግዳና አጥር ይታሰር።

በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ግንባታ ላይ ያላችሁ ሁሉ ፕላናችሁን ይዛችሁ ኑ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ ብንጣላ ይሻላል፤ ከፍርስራሽ ሥር ስንቆፍር ከመታረቅ።

ለማኅበሩ
ጸሐፊው