ሽጉጡን የሰጠ ሥልጠናውንም ይክፈል

በ2001 በአሜሪካ አራት አይሮፕላኖች ከተጠለፉ በኋላ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)፣ የዚያ አገር ኮንግሬስ በ2002 ባወጣው ሕግ ፈቃደኛ የሆኑ አይሮፕላን ነጂዎች ሽጉጥ ታጥቀው የነጂውን ክፍል እንዲጠብቁ ፈቀደ። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞችም በ2003 ሥራ ጀመሩ።

«ይህ የሰው አገር ወሬ ነው» የሚል ጓደኛ ቢኖር፣ በ1996 የተጠለፈውን የአገራችንን አይሮፕላን እናስታውሰዋለን። ሦስት ጠላፊዎች ወደ ነጂው ክፍል ገቡ፤ ነዳጁ አልቆ አይሮፕላኑ በኮሞሮስ ጠረፍ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ። በዚያ ክፍል የሚሆነው ሁሉ የተሳፋሪውን ዕጣ ይወስናል።

ይሁን እንጂ ሽጉጥ ብቻውን ዘበኛ አይሆንም። በ2008 በአንድ አሜሪካዊ ነጂ እጅ ሽጉጥ ባርቆ የአይሮፕላኑን ገላ በሳው፤ ሰው አለመጎዳቱ ዕድል ነው። ታዲያ መሣሪያውና ትምህርቱ ከመንግሥት ቢሆንም፣ ነጂዎቹ ለሥልጠና ሲሄዱ የመንገድና የመኝታውን ወጪ የቻሉት ከኪሳቸው ነበር። በ2012 ደግሞ መንግሥታቸው የዚህን ሥራ በጀት በግማሽ ያህል ለመቀነስ ሐሳብ አቀረበ።

የተጠናከረ በር ይበቃል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ነጂው ወደ መጸዳጃ ሲወጣ በሩ መከፈቱ አይቀርም።

እኛ የምንለው ይህን ነው፤ መንግሥት በነጂው መታጠቅ ካላመነ ሽጉጡን ይቀበለው፤ ካመነ ግን አጥብቆ ያሠልጥነው፣ ወጪውንም ይሸፍን። የብዙ ሰው ነፍስ በአንድ ፈቃደኛ ኪስ ላይ መጣል የለበትም። ሳይቃጠል በቅጠል!